መጋዘን የሞላ ተመላሽ እቃ፦ ከደሴ ለተነሳ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ደሴ ላይ መጋዘን ያላቸው አከፋፋይ ናቸው። ብስኩት፣ ፓስታ፣ የምግብ ዘይት፣ የዱቄት ወተት፣ ሳሙና፣ ለስላሳ መጠጥና የኤሌክትሪክ ምጣድ ያከፋፍላሉ። አንዱ መኪና በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወልድያንና ቆቦን ያዳርሳል። ሌላው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ፣ ባቲና ከሚሴ ይደርሳል። በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ በጉጉፍቱ በኩል ወደ አቀስታና መካነ ሰላም የሚሄድ አለ። «ባለሱቆቹ ያልተሸጠውን ሁሉ ውሰድልን ይሉኛል፤ ፋብሪካዎቹ የሚቀበሉኝ ግን ከፊሉን ብቻ ነው። አሁን መጋዘኔ ውስጥ 60 ካርቶን ጊዜው ያለፈ ብስኩት፣ 14 ጀሪካን የረጋ ዘይት፣ 9 ምጣድና ስንት እንደሆነ የማላውቀው ባዶ ጠርሙስ ተከምሯል። የቱን ልቀበል? የተቀበልኩትንስ እንዴት አድርጌ ወደ ገንዘብ ልመልሰው?» ይላሉ።

መልሱ ከመጋዘኑ አይጀምርም። የተመላሽ እቃ ዕጣ የሚወሰነው ባለሱቁ ደጃፍ ላይ፣ እቃው መኪና ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው። አንዴ ተጭኖ ደሴ ከገባ በኋላ ነዳጅ በልቷል፣ ጫኝና አውራጅ ተከፍሎበታል፣ ቦታ ይዟል፤ ባለሱቁም ሂሳቡ እንደተቀነሰለት አድርጎ ይዞታል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ኪሳራውን ማሳነስ ብቻ ነው።

ሂሳቡን በአንድ ምሳሌ ይዩት። አንድ ካርቶን ብስኩት በ1,200 ብር ሸጠው 4 በመቶ ቢያተርፉ፣ ትርፍዎ 48 ብር፣ እቃው እርስዎን ያወጣዎት 1,152 ብር ነው። ያ ካርቶን ተመልሶ የሚጣል ከሆነ ኪሳራውን ለመሸፈን የ24 ካርቶን ትርፍ ይሄዳል። 60 ካርቶን ሲሆን የ1,440 ካርቶን ትርፍ ማለት ነው፤ ትራንስፖርቱን ሳንጨምር። የራስዎን ዋጋና የትርፍ መጠን አስገብተው ለእያንዳንዱ የእቃ ዓይነት ይህንኑ ያስሉ። ትርፉ ቀጭን የሆነ እቃ ላይ ልቅ የሆነ የመመለስ ፈቃድ መስጠት እንደማይቻል ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል።

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎት እቃው ለምን እንደተመለሰ ማወቅ ነው። አብዛኛው መጋዘን የሚመዘግበው «ተመላሽ፣ 12 ካርቶን» ብሎ ነው፤ ይህ ምንም አይነግርም። ለአራት ሳምንት ያህል እያንዳንዱ ተመላሽ ከስድስት ምክንያቶች በአንዱ እንዲመዘገብ ያድርጉ፦ ጊዜው ያለፈ፣ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ፣ በጉዞ የተጎዳ፣ ከፋብሪካ ጉድለት ያለበት፣ ሳይታዘዝ ወይም በስህተት የሄደ፣ እና ተበላሸ ተብሎ ሲፈተሽ ጤነኛ ሆኖ የተገኘ። ከምክንያቱ ጎን የሱቁ ስም፣ የባች ቁጥሩ (በአንድ ጊዜ አብሮ የተመረተውን እቃ የሚለየው ማሸጊያው ላይ የታተመ ቁጥር) እና የተላከበት ቀን ይኑር። ባች ቁጥሩን የሚዘሉ ሰዎች ትልቁን መረጃ ነው የሚጥሉት። አንድ ባች ከብዙ ሱቅ ከተመለሰ ጥፋቱ ከፋብሪካው ወይም ከእርስዎ መጋዘን ነው። ብዙ ባች ከአንድ ሱቅ ከተመለሰ ችግሩ ሱቁ ውስጥ ነው፤ ብስኩቱ ከበርበሬ ወይም ከሳሙና ጋር ተደርድሯል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ወይም አዲሱን ከፊት አሮጌውን ከኋላ ያስቀምጣሉ። በአንድ ጉዞ የተላከ ልዩ ልዩ እቃ ከታችኛው ድርድር ብቻ ተጨፍልቆ ከመጣ ደግሞ ጭነቱ ነው። ፓስታ ውስጥ ነቀዝ ሲገኝም የሚሠራው ይኸው ነው፤ ባለሱቁ ፋብሪካውን፣ ፋብሪካው ባለሱቁን ሲወቅስ የባች መዝገብ ያለው አከፋፋይ ብቻ ነው የሚዳኘው።

አሁን ወደ ሱቁ ደጃፍ እንመለስ። ከመኪናው ጋር የሚሄደው ሻጭ ሦስት ቅጂ ያለው የተመላሽ ወረቀት ይያዝ፤ አንዱ ለባለሱቁ፣ አንዱ ከእቃው ጋር፣ አንዱ ለሂሳብ ክፍል። በወረቀቱ ላይ የእቃው ስም፣ ብዛቱ፣ ባች ቁጥሩ፣ የማብቂያ ቀኑ፣ ከስድስቱ ምክንያቶች አንዱ፣ የመጀመሪያው ሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርና የሁለቱም ፊርማ ይሰፍራል። ወረቀቱ «ተረክቤያለሁ» ይበል እንጂ «ሂሳብ ተቀንሷል» አይበል። ሂሳቡ የሚወራረደው እቃው ደሴ ላይ ተፈትሾ ነው። ይህን ልዩነት ባለሱቁ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይወቀው፤ ወሎ ውስጥ ንግድ የሚያዘው በመተማመን ነውና ደንቡ በመሃል ድንገት ሲለወጥ የሚያስቀይመው ከገንዘቡ በላይ ነው። የደንቡን አንድ ገጽ በአማርኛ አትመው ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይስጡ፤ ከሚሴና ባቲ አካባቢ በኦሮምኛም ቢኖር ጥሩ ነው።

ብዙ እቃ በከንቱ የሚመለሰው ቀን በማንበብ ስህተት ነው። ማሸጊያው ላይ የሚታተመው በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ባለሱቁ «03/2026» የሚለውን ሲያይ ሦስተኛውን ወር ኅዳር ብሎ ሊወስደው ይችላል፤ ወሩን በትክክል ማርች ያለውም መጋቢት ሲጠባ አብቅቷል ብሎ ይመልሰዋል። ወርና ዓመት ብቻ የተጻፈበት እቃ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ወሩ መጨረሻ ያገለግላል። ማርች 31 ቀን 2026 በእኛ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ እቃው ገና ሦስት ሳምንት አለው። ሌላው አደናጋሪ ነገር «05/03/2026» የሚለው ነው፤ በአንዳንድ አገር ማርች 5፣ በሌላው ሜይ 3 ማለት ነው። የምርት ቀኑን ከጎኑ አይተው ይፍረዱ፤ ካልተለየ የቅርቡን ቀን ይያዙ። የዓመቱን 12 የፈረንጅ ወሮች የመጨረሻ ቀን ከእኛ ቀን ጋር አስተያይቶ የያዘ ካርድ አሳትመው ለእያንዳንዱ ሱቅ ግድግዳ ይስጡ። የአንዱ ካርድ ወጪ ከአንድ ካርቶን ብስኩት አይበልጥም። ስህተቱ በተቃራኒውም እንደሚመጣ አይርሱ፤ ጊዜው ያለፈውን ገና አለው ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ በሰው ጤና ይጫወታል።

ቀጥሎ «ተበላሸ» ተብሎ የሚመለሰው ጤነኛ እቃ ነው። በወሎ የመሬት አቀማመጥ ይህ ከሌላው አካባቢ የበለጠ ያጋጥማል።

የታሸገ ብስኩትና ቺፕስ ሲያብጥ «ፈላ» ተብሎ ይመጣል። ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጉጉፍቱ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ደሴ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ቆላ ወይም ውጭ አገር ባህር ዳርቻ ላይ የታሸገ ከረጢት ወደ ደጋ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ከረጢቱም ይወጠራል። እቃው ምንም አልሆነም። መለያው ቀላል ነው፦ በካርቶኑ ውስጥ ያሉት ሁሉም እኩል ከተወጠሩ ከፍታ ነው፤ ከ24ቱ ሦስቱ ብቻ ካበጡ ብልሽት ነው። ከጠረጠሩ አንዱን በሚወርደው መኪና ኮምቦልቻ ወይም ከሚሴ ይላኩ፤ የከፍታ ከሆነ እዚያ ሲደርስ ይረግባል። ይህ ግን ለደረቅ ነገር ብቻ ነው። ያበጠ ቆርቆሮ፣ ያበጠ የጭማቂ ወይም የወተት ካርቶን ሲመጣ ከፍታ ነው ብለው አይከራከሩ፤ ውስጡ ጋዝ የሚያመነጭ ተህዋሲ ሊኖር ስለሚችል ወዲያውኑ ከሽያጭ ይለዩት፣ አይክፈቱት፣ አይቅመሱት።

ዘይቱ ደግሞ ሌላ ነው። የፓልም ዘይት ሲቀዘቅዝ ይደፈርሳል፣ ከታች ነጭ ሆኖ ይረጋል። ከሚሴና ባቲ ሲሸጥ የጠራው ዘይት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደሴ፣ አቀስታና ጉጉፍቱ ላይ ይረጋል፤ ሸማቹም ቅባት ተቀላቅሎበታል ብሎ ይመልሳል። ፈተናው ይህ ነው፦ ጀሪካኑን ሳይከፍቱ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ ያቁሙት፤ 20 ሊትሩ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል፣ 5 ሊትሩ ቶሎ ይሞቃል። ሙሉ በሙሉ ከጠራና ከታች ውሃ ካልታየ ጤነኛ ነው። ከጠራ በኋላ የሚቆረፍድ ሽታ ካለው ከርሟል ማለት ነው። ለማሟሟት ብሎ ፀሐይ ላይ ማዋል ግን አይገባም፤ ብርሃንና ሙቀት ራሳቸው ዘይትን ያከርማሉ። ለሚቀጥለው በጋ ደግሞ ወደ ደጋው መስመር ከፓልም ይልቅ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ማብዛት የሚመለሰውን ከሥሩ ይቀንሰዋል።

ምጣዱን በተመለከተ፣ «አይግልም» ተብሎ ከሚመጣው ጥቂት የማይባለው ጤነኛ ነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ያህል ይስባል። ይህን የሚሸከም ገመድና ሶኬት በየቤቱ የለም፤ ስስ ማራዘሚያ ላይ ሲሰካ ፕለጉ ይቀልጣል። ኃይሉ ሲደክም ደግሞ ልዩነቱ ከሚታሰበው በላይ ነው። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ምጣዱ የሚያገኘው ኃይል ወደ 67 በመቶ ይወርዳል፤ እንጀራው አይን አያወጣም፣ ባለቤቷም ምጣዱ ሞቷል ትላለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ምጣድ ከኤሌክትሪክ ነቅለው መልቲሜትር በሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ይለኩ። ለ3,500 ዋት ምጣድ ወደ 14 ኦም ካነበበ ሽቦው ጤነኛ ነው። ምንም ካላነበበ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ተበጥሷል ወይም ግንኙነቱ ለቋል፤ ሬዚስታንሱን ለብቻው መቀየር ይቻላልና ሙሉ ምጣድ አይለውጡ። ሸክላው ተሰንጥቆ የካርቶኑ ጥግ የተጨፈለቀ ከሆነ የጉዞ ጉዳት ነው፤ ካርቶኑ ደህና ሆኖ ሸክላው ከመሃል የተሰነጠቀ ከሆነ የሸክላው ጥራት ወይም በጋለ ምጣድ ላይ የፈሰሰ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። እዚህ ላይ ሕጉን ልብ ይበሉ፦ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማቹ ጉድለት ያለበትን እቃ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ባለሱቁ ይህን ግዴታ እየተሸከመ እርስዎ በ7 ቀን ከዘጉበት ደንቡ አያስኬድም። ለባለሱቁ 15 ቀን እና እስከ ሚቀጥለው የመኪና ጉዞ ያለውን ጊዜ ደምረው ይስጡት።

ጉዞው ራሱ ብዙ ያበላሻል። ሐረጎን የሚወርድ መኪና በየመጠምዘዣው ሲጎተት ካርቶኖቹ ወደ ጎን ይገፋሉ። ዘይትና ሳሙና ከታች፣ ፓስታ ከመሃል፣ ብስኩት ከላይ ይሁን፤ ሳሙናና ብስኩት ግን በምንም መንገድ አይነካኩ፣ ሽታው በላስቲክ ውስጥ ያልፋል። ካርቶኑ ላይ የታተመውን የድርድር ብዛት ያክብሩ፤ በ8 ላይ 12 የደረደረ ረዳት የታችኛውን አራት ድርድር ነው የሚያበላሸው። መኪናው ውስጥ የቀረውን ክፍተት በባዶ ካርቶን ይሙሉና ከላይ በገመድ ይያዝ።

አንድ መንስኤ ደግሞ ከእርስዎ ቤት ነው የሚወጣው። ሻጭዎ ኮሚሽን የሚያገኘው በወር ሽያጭ ብቻ ከሆነ፣ ወሩ ሊያልቅ ሲል 5 ካርቶን ለሚበቃው ሱቅ 15 ካርቶን በዱቤ ያራግፋል። ያ ሽያጭ ከሁለት ወር በኋላ ተመላሽ ሆኖ ይመጣል፤ ኮሚሽኑ ግን ተከፍሏል። ኮሚሽኑን ከሽያጩ ላይ ተመላሹን ቀንሰው ያስሉ፤ በጉዞ የተጎዳውንና የፋብሪካ ጉድለቱን ግን አይቁጠሩበት፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይህ አንድ ለውጥ ከማናቸውም ቅጽ የበለጠ ይሠራል።

ከሁሉ የሚያዋጣው ተመላሽ ደሴ ሳይደርስ ሱቅ ከሱቅ የሚሸጋሸገው ነው። ሻጩ በሄደበት ሁሉ መደርደሪያውን እያየ 90 ቀን የቀረውን እቃ ይመዝግብ። ከ90 እስከ 60 ቀን ያለው በዚያው መስመር ወደሚፈጥን ሱቅ ይሂድ፤ ከመርሳ ተነስቶ ወልድያ፣ ከገጠር ሱቅ ተነስቶ ገበያ ቀን ወዳለበት። የባቲ የሰኞ ገበያ በአንድ ቀን የሚያነሳውን አንድ የገጠር ሱቅ በወርም አያነሳውም። ከ60 ቀን በታች የቀረው በቅናሽ እዚያው ይሸጥ፤ ቅናሹን እርስዎና ባለሱቁ ይካፈሉት። 30 ቀን የቀረው ብቻ ወደ መጋዘን ይመለስ። መካነ ሰላም ለሚሄደው መኪና ደግሞ ከጠቅላላ ዕድሜው ሲሶ ያልቀረውን እቃ ከመጀመሪያው አይጫኑ። በመጋዘን ውስጥም ቀድሞ የገባው ሳይሆን ቀድሞ የሚያበቃው ቀድሞ ይውጣ።

በዚህ ላይ ወሎ ያለው ጸጋ የሁለቱ ሃይማኖት የዘመን አቆጣጠር ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ላሊበላና ወልድያ ላይ ወተት ያለበት ብስኩትና የዱቄት ወተት ሲቆም፣ ከሚሴና ባቲ ላይ ግን ይሸጣል። ረመዷን ሲገባ የቀን ሽያጩ ቀርቶ የማፍጠሪያ እቃ ይደራል፤ ቴምር፣ ጭማቂ፣ ፓስታ። ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ስለሚገባ ያለፈው ዓመት መዝገብ በቀጥታ አይሠራም፤ ዘንድሮ የሚውልበትን አይተው ያቅዱ። ጾሙ ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የወተት ነገሮችን ከሰሜኑ መስመር ሰብስበው ወደ ደቡብና ምሥራቅ ያሻግሩ። ጾሙ ከገባ በኋላ የሚሰበሰበው ሲፈታ ጊዜው አልፎ ይገኛል።

ለሁሉም እቃ አንድ ደንብ አይሁን። የዱቄት ወተት፣ ጭማቂና የሕፃናት ምግብ ሲሆን ጊዜው ያለፈውን ያለ ክርክር ይውሰዱ፣ ብዛቱ ግን ከትዕዛዙ የተወሰነ መቶኛ እንዳይበልጥ በማዘዣው ላይ ይገደብ። ይህን አልቀበልም ያለ አከፋፋይ ባለሱቁን እንዲሸጠው እየገፋው ነው። ሳሙና፣ ኦሞና ክብሪት ላይ ግን መመለስን ሙሉ በሙሉ ትተው በምትኩ ከዋጋው 1 ወይም 1.5 በመቶ ቢቀንሱ ይሻላል፤ በተለይ እንደ አቀስታ ላለ ሩቅ ሱቅ የመመለሻ ትራንስፖርቱ ከእቃው ይበልጣል። ይህን ቅናሽ በምግብ ላይ በፍጹም አያድርጉት።

ወደ መጋዘን የደረሰው በቀይ ቀለም በተሰመረ አንድ ጥግ ብቻ ይውረድ፣ ከሚሸጥ እቃ ጋር አይገናኝ። በ48 ሰዓት ውስጥ ተፈትሾ ከአራት ቦታ ወደ አንዱ ይሂድ፦ እንደ አዲስ የሚሸጥ፣ በቅናሽ የሚሸጥ፣ ወደ ፋብሪካ የሚሄድ፣ የሚወገድ። እንዲህ የሚያጣድፈው የፋብሪካው የማመልከቻ ጊዜ ነው። አብዛኛው ውል እቃው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ቀን ይቆጥራል፤ እርስዎ ጥግ ላይ አስቀምጠው ሲያመነቱ መብትዎ ያልቃል። ፋብሪካዎቹ ከፊሉን ብቻ የሚቀበሉበት ምክንያትም በአብዛኛው ማስረጃ ማነስ ነው። ማመልከቻው ላይ ባች ቁጥሩ የሚነበብ የካርቶን ፎቶ፣ የተጎዳው እሽግ ፎቶ፣ ብዛቱ ከሱቅ ሱቅ ተዘርዝሮ፣ የተረከቡበት ቀንና የመኪናው ሰሌዳ ይኑርበት። ከእያንዳንዱ ባች ሁለት እሽግ ናሙና ክርክሩ እስኪያልቅ ያቆዩ። ውሉን ሲያድሱ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የፋብሪካ ጉድለት ያለ ገደብ እንደሚመለስ፣ ለጊዜ ማለፍ ፋብሪካው የሚጋራው መቶኛ፣ እና ሲላክ ከዕድሜው ሁለት ሦስተኛ ያልቀረው እቃ እንደማይላክልዎ። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። እቃ ጭኖ የሚመጣው የፋብሪካ መኪና ባዶውን ከሚመለስ ተመላሹን ይዞ እንዲሄድም ይጠይቁ፤ የመመለሻ ትራንስፖርቱን ለብቻ መክፈል ከሚያስቀሩት በላይ ይበላል።

ባዶ ጠርሙስ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እሱ ተመላሽ እቃ አይደለም፣ የእርስዎ ጥሬ ገንዘብ ነው። ስንት እንደሆነ አላውቅም ማለትዎ ከብስኩቱ የበለጠ ሊያሳስብዎ ይገባል። ደንቡ ሙሉ በባዶ ነው፤ 10 ሳጥን ሙሉ ሲወርድ 10 ሳጥን ባዶ ይጫናል፣ የጎደለው ማስያዣ ይከፈልበታል። ሳጥኑና ጠርሙሱ ለየብቻ ይቆጠሩ፤ 24 ጠርሙስ የሌለው ሳጥን እንደ ሙሉ ተቆጥሮ መግባት የተለመደ ጉድለት ነው። አፉ የተፈነከተውን በዓይን ሳይሆን በወፍራም ጨርቅ ጠርገው ይለዩ፤ ክር ሲይዝ ይታወቃል። የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ የተቀላቀለበትን ይለዩ። ከሁሉ በላይ ያሽትቱ፦ ጋዝ፣ ናፍጣ ወይም የተባይ መድኃኒት የተያዘበት ጠርሙስ በፋብሪካ አጠባ የማይለቅ ሽታና መርዝ ሊይዝ ስለሚችል ከመስመሩ ወጥቶ ይሰበር። በእያንዳንዱ መስመር በየሦስት ወሩ አንድ ቀን ቆጠራ ያድርጉ፤ ሱቅ ያለው፣ መኪና ላይ ያለውና መጋዘን ያለው ተደምሮ ከፋብሪካው ዘንድ ካስያዙት ጋር መግጠም አለበት።

የሂሳብ ወረቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። በ15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሸጡት እቃ ተመልሶ የተመላሽ ሰነድ ካልተቆረጠለት፣ ላልነበረ ሽያጭ ታክስ ከፍለዋል ማለት ነው፤ በ1,000 ብር እቃ ላይ 150 ብር። ዋናው ደረሰኝ ሳይመለስ ወይም ቁጥሩ ሳይጠቀስ ግን ሰነዱን አይቁረጡ፣ በሚቀጥለው ሽያጭ ላይ «አጣፍቼዋለሁ» በሚል በቃል አያወራርዱ። ምርመራ ሲመጣ መጀመሪያ የሚከፈተው እሱ ነው።

አሁን መጋዘንዎ ውስጥ ያለውን። 14ቱን ጀሪካን ዛሬ በሙቅ ውሃ ይፈትኑ፤ የጠራው ተጠርጎ ወደ ከሚሴና ባቲ ይጫን፣ ለባለሱቁም ለምን እንደረጋ ይነገረው። የከረመ ከተገኘ ለሳሙና ሠሪ ይሸጣል፤ ለ1 ኪሎ የፓልም ዘይት 134 ግራም ያህል ኮስቲክ ሶዳ ስለሚበቃ ለእነሱ ርካሽ ጥሬ እቃ ነው። ጀሪካኑ ላይ በማይለቅ ቀለም «ለሳሙና ብቻ» ተጽፎ የምግብ ምልክቱ ይላጥ። 9ኙን ምጣድ ይለኩ፤ ጤነኛው ተጠርጎ ካርቶን ተለውጦለት «የተፈተሸ» ተብሎ በቅናሽ ይሸጥ እንጂ እንደ አዲስ አይሸጥ፤ ሽቦ የተበጠሰበት ይጠገን፤ ሸክላው የተሰነጠቀው ለመለዋወጫ ይፈታ። ጠርሙሱን ነገ ይቁጠሩ፣ የሁሉም መነሻ ቁጥር እሱ ይሆናል።

ብስኩቱን ማንም በቅናሽ ልግዛዎት ቢል አይስጡ። ጊዜው ያለፈ ምግብ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ በተጨማሪም በሦስተኛ ሰው እጅ ተመልሶ የልጆች ከረሜላ በሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። መጀመሪያ 60ውን ካርቶን በባች ይለዩና የፋብሪካው ማመልከቻ ጊዜ ያልተዘጋበት ካለ ያውጡ። የቀረውን እሽጉን እየከፈቱ ይዩ። ደረቅ፣ ሻጋታ የሌለበትና ነቀዝ ያልበላው ማሸጊያው ሙሉ በሙሉ ተነጥሎ ለከብት አድላቢ ከመኖ ጋር በትንሹ ተቀላቅሎ ሊሰጥ ይችላል፤ ላስቲኩ ከገባ ከብቱን ይገድላል። ሻጋታ የነካው ግን ለማንም እንስሳ አይሆንም፤ በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በምትታለብ ላም አልፎ ወተት ውስጥ ይገባል። ለዚያኛው ለከተማው የጤና ቁጥጥርና ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ያሳውቁ፣ ተወካዮቻቸው ባሉበት እሽጉ ተቀዶና ተፈጭቶ ይወገድ። ባች ቁጥሩንና ብዛቱን የያዘ ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ አንዱ ቅጂ ለእርስዎ፣ አንዱ ለሂሳብ ሠራተኛዎ፣ አንዱ ለፋብሪካው ይላክ፤ የሚቀጥለው ውል ላይ የጊዜ ማለፍ ድርሻውን ሲደራደሩ ጠረጴዛው ላይ የሚያስቀምጡት ሰነድ ይህ ነው።